በጾም መግቢያ የመጣ ግርዶሽ

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ጎንደር ላይ መምህር ተብዬ፣ ጺሜ ሳያድግ ምላሴ ያደገ ጎረምሳ ነበርኩ። ጋዜጣው «ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በሱዳን በኩል ያልፋል» ብሎ ቢጽፍ፣ እኔ «በሱዳን በኩል» የምትለዋን ዘልዬ ፒያሳ ላይ ለፈፍኩ፦ «የዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ፣ በቀትር ድፍን ጨለማ ይሆናል፤ ዶሮ ቆጥ ትወጣለች!»

ወሬው የእጮኛዬ አባት ጆሮ ገባ። ቄስ ናቸው፤ ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን ሊድሩልኝ ቃል ሰጥተዋል። በጾም እህል የሚቀመሰው ከቀትር በኋላ ተቀድሶ ሲያበቃ ነው፤ የቅዳሴውን ሰዓት የሚያውቁትም የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ነው። አስጠሩኝ።

«ምነው ልጄ? ሰዉ ‹ከመሸማ እንብላ› እያለ አስቸገረኝ። እኔስ ጥላ ከሌለ ምን ልለካ ነው? ደግሞ ባይጨልም ልጄን ለውሸታም ሰጠሁ፤ ቢጨልም ለጠንቋይ!»

ሎሚ አቀበልኳቸው። «አባ፣ አንድ ዐይንዎን ይጨፍኑና ይህችን ወደ ሌላው ያስጠጉ። ማዶ ያለው ግንብ ይታይዎታል?»

«የለም፣ ጠፋ።»

«ሎሚዋ ጨረቃ ናት። ትንሽ ብትሆንም በእኛና በፀሐይ መካከል ስትገባ ትጋርዳታለች፤ ጥላዋ የወደቀበት አገር በቀን ይጨልማል።»

«ሸጋ። እኛ ላይ ይወድቃል?»

«እንዴታ!» አልኩ፣ ጨረቃን የማሰማራት እኔ ይመስል።

ሰኞ ቀትር፣ በኩራዝ ጢስ ያጠቆርኩትን የመስኮት መስተዋት ስባሪ ዐይኔ ላይ ለጥፌ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆምኩ። ፀሐይ ከዳር ተገመጠች፤ ብርሃኑ ገረጣ፤ ከዚያ በቃ።

«የኔታ፣ ዶሮዋ አሁንም እየጫረች ነው!» አለ አንዱ። ሰዉ ሳቀ። እጮኛዬ ከእጄ ስታመልጥ ታየችኝ።

አባ ወይራው ሥር ቆመዋል። በቅጠሉ ቀዳዳ ሾልኮ ነጭ ጋቢያቸው ላይ ያረፈው ብርሃን ሁሉ ትናንሽ ማጭድ ሆኗል፤ የተገመጠችው ፀሐይ በየቀዳዳው ተሥላለች። ጋቢያቸውን ዘርግተው አዩት።

«ድፍኑ ጥላ... ሱዳን ላይ ነው የወደቀው፤ ለእኛ የደረሰን ዳርዳሩ ነው» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

ሳቃቸው ፈነዳ። «ምእመናን፣ እኛ እንጹም! ዛሬ ጾም የገደፈችው ጨረቃ ናት፤ ገና በቀትር ፀሐይን ገመጠቻት!» ወደኔ ዞሩና፦ «አንተም ሂድ ታጠብ፤ ሙሽራ ዐይኑን በጥላሸት አይኳልም።»

ከፋሲካ በኋላ ተዳርን። ዛሬም ሬዲዮው ሙሉ ግርዶሽ ሊመጣ ነው ባለ ቁጥር እኔ ልለፍፍ ስነሣ ሚስቴ ትቀድመኛለች፦

«የት አገር ነው ያለው? እሷን እንዳትዘላት!»