ማንም ሳይሞት የተላጨሁ ጊዜ

ፀጉሬን የላጨችው የአጎቴ ሚስት በላይነሽ ናት። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት፣ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ስሟን የማነሳው፣ ደግ ሴት ነበረች ሲባል ስለምሰማ ነው። ለሌላው ደግ ነበረች ይሆናል።

ያኔ የምኖረው ሶዶ፣ አጎቴ ቤት ነበር። እናቴ ከአረካ ወዲያ ካለው መንደራችን ለትምህርት ልካኝ ነው። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዝምተኛ ልብስ ሰፊ ነበር። ፅጌ የምትባል እኩያዬ ልጅ ነበረቻቸው። ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ትራስ ተጋርተን እንተኛለን። ቁመታችንም እኩል ነበር። የሚለየን ፀጉራችን ነው፤ የእኔ ሲፈታ ወገቤ ይደርሳል፣ የእሷ ከጆሮዋ ብዙም አይወርድም። በቤቱ ስለዚህ ነገር ማንም አንስቶ አያውቅም። በላይነሽ ስታበጥረኝ ግን ማበጠሪያው ራሴ ላይ የሚያርፍበት አኳኋን ይነግረኝ ነበር።

በዚያ ክረምት የሰፈራችን ልጆች ለጊፋታ ጭፈራ ልምምድ ጀመርን። የሚያሠለጥነን ጋሽ ቶማስ ድሮ በኪነት ቡድን ይጨፍር የነበረ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። የረገጥነው እርጥብ ሣር ሽታ፣ የከበሮውን ቆዳ ለማሞቅ ከሚነደው ገለባ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ረጅም ፀጉር ያላቸውን ከፊት ሲያሰልፍ፣ አንዷ ልጅ የወላይታ ጭፈራ የወገብ አይደለም ወይ፣ ፀጉር ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀችው። እሱም ግማሾቻችንን ወደ ሜዳው ጫፍ ልኮ ሌሎቹን ከሩቅ እንድናይ አደረገ። ከዚያ ሆኖ ፊት አይለይም። ወገብም በቀሚስ ተሸፍኗል። የሚታየው ፀጉር ነው፤ ሰውነት ዞሮ ከቆመ በኋላ እሱ ገና ይዞራል። ስንመለስ ጋሽ ቶማስ፣ “ወገብ ይጀምረዋል፣ ፀጉር ይጨርሰዋል። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሚያየውም ሰው ድርሻውን ማግኘት አለበት” አለን። እኔን ከፊት፣ መሃል ላይ አቆመኝ። አጎቴ በደስታ ዱንጉዛ ከሚባለው የአገራችን ባለቀለም ሽመና የጭፈራ ቀሚስ ሰፋልኝ። ፅጌ አልተመረጠችም።

አንድ ቀን ጠዋት በላይነሽ ከጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ጠርታ ጉልበቷ መሃል አስቀመጠችኝ። ሹሩባ ልትሠራኝ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ መቀሱ መጣ፣ ቀጥሎ ምላጩ። “ቅማልሽን ልጄ ላይ ልታራግፊ ነው?” አለችኝ። ቅማል አልነበረብኝም። ቢኖርብኝ እንኳ ያኔ መድኃኒቱ ላምባ እንደነበረ የእኔ ዘመን ሰዎች ታውቃላችሁ። አላለቀስኩም፤ እንድታይብኝ አልፈለግሁም። ከሰዓት በኋላ ቀሚሴን ፅጌ ላይ አልብሳ ወደ ሜዳው ወሰደቻት። ልኳ ነበር። ተከትያቸው ስሄድ ጋሽ ቶማስ ራሴን አይቶ፣ “እንግዲህ ለከርሞ” አለኝ።

በላይነሽ ቸኩላ የዘነጋችው አንድ ነገር ነበር። በእኛ አገር ያኔ ሴት ልጅ ራሷን የምትላጨው የቅርብ ሰው ሲሞትባት ነው። ለበዓሉ ጨው እንድገዛ ገበያ ስትልከኝ፣ ከመንደራችን ቅቤ ይዘው የመጡ ሴቶች አዩኝ። አንዷ ደረቷን ይዛ፣ “ማን ነው ልጄ? ማን ነው?” አለችኝ። ስንት ቀን የያዝኩት እንባ ያን ጊዜ አመለጠኝ። ምንም ሳልመልስ ሮጥኩ። እነሱም የመሰላቸውን ይዘው ሄዱ፦ ልጅቱ የምትኖረው አጎቷ ቤት ነው፣ ተላጭታለች፣ ታለቅሳለች፤ እንግዲህ የሞተው አጎትየው ነው።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለለቅሶ ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ “ኢሻው! ኢሻው!”፣ ወንድሜ! ወንድሜ! እያለች ግቢ ገባች። ከኋላዋ የመንደራችን ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ። አጎቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ይተክል ነበር። መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ ብድግ ብሎ፣ “ማን ሞተ?” አለ።

እናቴ አየችው። ቀርባ ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን እንደ ገበያ በሬ ዳሰሰችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታነባ ሳቀች። ሴቶቹም ሳቁ። “ከአረካ ጀምሬ አልቅሼልሃለሁ። እንግዲህ በእውነት ስትሞት ከእኔ እንባ እንዳትጠብቅ” አለችው። እንደዚያን ቀን ሰው ከልቡ ሲቀለው አላየሁም።

ቀና ስትል በሩ ሥር የቆምኩትን እኔን አየች። ሳቋ ቆመ።

“ታዲያ ማን ሞቶ ነው ልጄ የተላጨችው?”

በላይነሽ ቅማል ነው አለች። እናቴ ፅጌን ጠርታ ራሷን ፈተሸች። “ትራሳቸው አንድ ነው” አለች። “የዚህ ቤት ቅማል ዘመድ ይለያል?”

አጎቴ መርፌውን ከከንፈሩ አወጣና ሚስቱን ለረጅም ጊዜ አያት። ፅጌ ሳትጠየቅ ወደ ውስጥ ገብታ ቀሚሱን አምጥታ ሰጠችኝ። “ውሰጂው፣ እኔ ሰው ሲያየኝ እግሬ ይተሳሰራል” አለችኝ። እሷም ቀልሏት ነበር።

እናቴ እጄን ይዛ ወደ ሜዳው ወሰደችኝ። ጋሽ ቶማስ መላጣ ራሴን አየ፣ ቀጥሎ የእናቴን ወገብ አየ። ነጠላውን እንድትፈታለት ጠየቃትና እኔ ወገብ ላይ አሰረው፤ ሁለቱን ጫፎች ከነዘርፋቸው በጎኔ ለቀቃቸው። “ዙሪ” አለኝ። ዞርኩ። ቆሜም ዘርፉ ገና ይዞር ነበር። “በቃ፣ ፀጉርሽ ወደ ታች ወርዷል” አለ።

የጊፋታ ዕለት ከፊት፣ መሃል ላይ፣ መላጣዬን ጨፈርኩ። ነፋሱ ራሴን ሲነካኝ የተሰማኝን ቅለት ከዚያ ወዲህ አግኝቼው አላውቅም። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴትዮ፣ “ያቺ ሐዘንተኛ ምን ነክቷት ነው?” ብላ ነበር አሉ።

ያ ሜዳ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። ልጄም ትጨፍራለች፤ እሷና ጓደኞቿ ፀጉር ገዝተው ያሰፋሉ። ሌሎቹ እናቶች ለቁንጅና ይመስላቸዋል። እኔ አጥር ላይ ስለተንጠለጠለው ሰው አስባለሁ፤ ዛሬ ግን አጥር ላይ የሚንጠለጠል የለም፣ ሁሉም በስልኩ ቀርቦ ያያል።

በላይነሽ ከብዙ ዓመት በኋላ አረፈች። ለቅሶዋ ላይ ተገኘሁ፣ እንግዳ አስተናገድኩ፣ ፅጌን አቅፌ አለቀስኩ። የቤቱ ሴቶች ተራ በተራ ከፀጉራቸው ቆረጡ። መቀሱ እኔ ጋ ሲደርስ ተቀብዬ አጠገቤ ለነበረችው ሰጠኋት።