ሁሉም ነገር የገባባት ኮምፒውተር

ባለቤቴን ጎረቤቱ ሁሉ «አዋቂው» ይለዋል። ጡረታ እስኪወጣ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል ነው የሠራው። ቤት ውስጥም ታዲያ ነገር ካላከበደ አይሆንለትም፤ አምፖል ለመቀየር እንኳ አጥንቶ ነው።

ልጃችን አንዲት ትንሽ ልጅ ጥላልን በመኪና አደጋ ስታርፍ ስልኳም አብሯት ጠፋ። የቀሩን ቪዲዮዎቿ ነበሩ፤ እነሱም በቤታችን ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ተበታትነው። ትንሿ የእናቷን ሳቅ መስማት በፈለገች ቁጥር ከክፍል ክፍል መሮጥ ሆነ። ባለቤቴ ታዲያ፣ ሁሉንም ይዞ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያድል ሰርቨር ላቁም አለ። ወንድ ልጄ፣ ፎልደሩን ከፍቶ መጋራት ይበቃል፣ ለቤት ሰው ሰርቨር ምን ይሠራለታል አለ። እኔም ይኼንኑ አልኩ። አዋቂው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ!

አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ከዕቃ ቤት አወጣና የሰርቨር ሶፍትዌር ጫነባት። ቪዲዮዎቹን ሁሉ እሷ ላይ ሰበሰበ፤ ከዚያ ከሌሎቹ ላይ አጠፋቸው። ምነው ስለው፣

«ሥርዓት ነው። አንድ ፋይል ሁለት ቦታ አይቀመጥም» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። ትንሿ ሳሎን ሆና ታያለች፣ እኔ መኝታ ቤት ሆኜ አለቅሳለሁ። አመሰገንኩት እንኳ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሯ ቀጭ ቀጭ ብላ ዝም አለች። ያልወሰድናት ጥገና ቤት የለም፤ የከፈታት ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ኮፒ የለህም ወይ አልኩት። መሬት መሬት እያየ፣

«መሥሪያ ቤት ኮፒ የሚያስቀምጡት ሌሎች ነበሩ» አለኝ።

የአዋቂ አጥፊ ብዬ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ሳይ አንጀቴን በላው፤ ተውኩት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እሱ ግን ዛሬም በየማለዳው ይከፍታታል፣ ቀጭ ቀጭ ስትል ያዳምጣል፣ ይዘጋታል።

ትናንት ትንሿ መጥታ ጭኑ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እማዬ ስትስቅ እንዴት ነበር?»

ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠን አድርጎ ሳቀላት። እኔ ደግሞ አይደለም፣ ከሆዷ ነበር የምትስቀው ብዬ በወፍራሙ ሳቅኩላት። ልጅቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

«የቱ ነው ታዲያ?»

ተያየን። እሱም አላወቀው፣ እኔም አላወቅኩት።