ሳልጠይቅ ያቋረጥኩት መድኃኒት

ሳሉ የጀመረኝ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ሥር ስልክ እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሹ ስልኮችን እየፈታሁ ራሴን አስተማርኩ። ሳሉንም ራሴ መረመርኩትና የብየዳ ጭስ ነው አልኩ። ሦስት ሳምንት አለፈው። ሌሊት ላብ አንሶላዬን ያርሰው ጀመር፤ ቀበቶዬ ላይ ሁለት ተጨማሪ ቀዳዳ በሳሁ።

ጤና ጣቢያ አክታዬን ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ አዩት። የሳንባ ቲቢ ነበር። የቲቢ ክፍሉ ነርስ ሲስተር ሐና፣ በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ የምውጠው የስድስት ወር መድኃኒት አስጀመሩኝ፤ ከጤና ጣቢያው የምረከበውም በየሳምንቱ ነበር። "ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትህን ብርቱካንማ ያደርገዋል፣ እንዳትደነግጥ" አሉኝ። "አንድ ቀን ካለፍክ ግን እኔ ነኝ የምደነግጠው።"

በአምስተኛው ሳምንት ሳሉ ጠፋ፤ ምግብም መጣፈጥ ጀመረ። ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ አስቀድሳለሁ። ጠዋት ክኒን በውኃ መዋጥ ጾም ያስፈታል ብዬ አሰብኩ። ማታ ብወስደው ደግሞ ሆዴ ባዶ አይሆንም። የንስሐ አባቴን አልጠየቅኩም። ሲስተር ሐናንም አልጠየቅኩም። እየዳንኩ ነው፣ የቀረውን ጸበል ይጨርሰዋል ብዬ ወሰንኩ። መድኃኒቴን ልወስድ ባልሄድኩ ጊዜ ሲስተር ደወሉ። "ክፍለ ሀገር ነኝ፤ እዚሁ ካለ ጤና ጣቢያ እወስዳለሁ" አልኳቸው። ቂርቆስ፣ ቤቴ ተኝቼ ነበር። አፌን ከምግብ ጠብቄ ከውሸት አልጠበቅኩትም።

አሥራ ስድስት ቀን።

ነሐሴ አሥራ ሰባት ጠዋት ሳልኩ። መሀረቡ ላይ ደም ነበር። እንደገና ሳልኩ። አሁንም ደም። መቆም አቃተኝ። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ሳሌን ሰምተው በሩን ገፍተው ገቡ። ለራሳቸውም ለእኔም ማስክ አደረጉና በኮንትራት ታክሲ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

ለጾሙ ብዬ እንዳቋረጥኩ እትዬ ዘይነባ እየሰሙ ስነግራቸው ሲስተር ሐና አልተቆጡኝም። ይኼ ባሰብኝ። "መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ሆኖ ከሆነ ሕክምናው ይከብዳል፤ የማይድኑም አሉ። እንደገና አክታህን እንይ" አሉ።

ውጤቱን ቤቴ ስጠብቅ የንስሐ አባቴ አባ ገብረ ማርያም መጡ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ ሄደው የጠሯቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው።

"ጎረቤትህ 'ልጅዎ በጾም ሊሞት ነው፣ ምን ዓይነት አባት ነዎት?' ብላ ሰው መሐል አዋረደችኝ" አሉና ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"የታመመን ሰው ከጾም የሚፈታው ማን ነው?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባቴ።"

"ጠየቅኸኝ?"

"አልጠየቅኩም።"

"እንግዲያው የጾምከው ለራስህ ሐሳብ ነው።" በላስቲክ ጠርሙስ የያዙትን ጸበል አጠገቤ አስቀመጡ። "ነገ የሚሰጡህን ክኒን በዚህ ዋጥ። ጸበሉንም ሐኪሙንም የሰጠን አንዱ ጌታ ነው።"

በማግስቱ ሲስተር ሐና ደወሉ። "አልተላመደም! ተመስገን በል። ግን ከአንደኛው ቀን እንጀምራለን።"

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እየሄድኩ ሲስተር ሐና እያዩኝ ዋጥኩ፤ እሳቸውም ዋጥኩ ብዬ እንኳ አፌን አስከፍተው ሳያዩ ካርዴ ላይ አይፈርሙም ነበር። እትዬ ዘይነባ እንደ እኔ ተመርምረው ነጻ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ በየቀኑ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ያመጡልኝ ጀመር። "የእኔን ሥጋ እንደማትበላ አውቃለሁ፤ ዶሮዋ ግን ሃይማኖቷን አልነገረችኝም፣ ብላ!" ይሉኛል። የነቢያትን ጾም በአባ ፈቃድ እንቁላሉን እየበላሁ፣ ትንሽ እያፈርኩ፣ ግን እየወፈርኩ አሳለፍኩት፤ በየካቲት የመጨረሻው አክታዬ ንጹሕ ሆነ።

እግዚአብሔርን ሳመሰግን ሲስተር ሐናን፣ አባ ገብረ ማርያምንና እትዬ ዘይነባን፣ ሦስቱንም በስማቸው እጠራለሁ። ምሕረቱን በእነሱ እጅ ስለተቀበልኩ፣ እነሱን ትቼ እሱን ብቻ ማመስገን አልችልም።

አሁን ዐቢይ ጾም ደርሷል። መድኃኒት ላይ ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እህቴ፣ ክኒናችሁን ይዛችሁ ዛሬውኑ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ነርሷ ስትደውል ያላችሁበትን እውነቱን ንገሯት። ጎረቤት በሩን ሲገፋ ክፈቱ። ብቻችሁን አትወስኑ፤ እኔ ብቻዬን የወሰንኩት አሥራ ስድስት ቀን ብቻ ነበር፣ ሊገድለኝም ደርሶ ነበር።