ለብሎን የተበጀ ወገል

ብሎኑን ያጠበቅነው አራት ሆነን ነው። አንደኛው እኔ ነኝ።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ «አሻጥር» የሚባል ቃል ስለሚመጣ ነው። አሻጥር አልነበረም፤ ትጋት ነበር። ሐይቅ ከተማ ላይ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን አንድ አሮጌ የጣሊያን ጭነት መኪና ነበረው። እኔ በሃያ ዓመቴ የዚያ መኪና መካኒክ ተብዬ ነበር። መካኒክነቱን የተማርኩት የሞተ ሞተር በመበታተን፣ ግጥም መግጠሙን ደግሞ ሰርግ ቤት በር ላይ ቆሜ በመስማት ነው። ለሁለቱም ወረቀት የሰጠኝ የለም። በዚያ ዘመን ወረቀት የሌለው ሰው አፉን ይዘጋ ነበር፤ እኔ አልሆነልኝም።

ነገሩ ከመድረሱ ከወራት በፊት ዘይት ስንቀይር የማኅበሩ ሊቀመንበር ግቢው ውስጥ ቆመው ስለ ብክነት ይናገሩ ነበር። አንዲት ጠብታ ዘይት መሬት ብትነካ የሰፊው ሕዝብ ላብ ፈሰሰ ማለት ነው፣ አሉ። ከኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ቋት፣ ዘይት የሚፈስበትን ብሎን እኔ አጥብቄ ጨርሼ ነበር። ዘበኛው ንግግሩን ሰማና መኪናው ሥር ገብቶ አንድ ዙር ጨመረበት። የመጋዘን ኃላፊው ዘበኛው ሲመሰገን አየና መፍቻ ቁልፉ ላይ ለጉልበት የውሃ ቧንቧ ሰክቶ ሌላ ጨመረ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ገቡ። ብሎኑ ጮኸ። እኛ አጨበጨብን።

ያ ጭብጨባ በበልግ መጥቶ ያዘን። ለአምባሰል ገበሬዎች የዘር ገብስ ወደ ውጫሌ መድረስ ነበረበት፤ ዝናቡ ጀምሯል። ጠዋት ሹፌራችን የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዘው አሳዩኝ። ዘይቱ ውሃ ገብቶበት እንደ አሬራ ነጥቷል። ሹፌሩ ጢማቸው የሸበተ፣ ከሚናገሩት የሚያዳምጡት የሚበዛ ሰው ነበሩ።

«በዚህ ዘይት ዳገቱን ከወጣን ሞተሩ ይቃጠላል» አሉኝ። «አውጣልኝ፣ ልጄ።»

መኪናው ሥር ገባሁ። ቁልፉን ሰክቼ ስጎትት አልነቃነቅ አለ። ቧንቧ ጨመርኩ። ቁልፉ ተንሸራቶ ጣቴን ላጠው፤ ብሎኑ ግን እዚያው ነው። ደግሜ ስሞክር ስድስቱ የብሎኑ ማዕዘኖች ተበሉና ራሱ እንደ ሎሚ ክብ ሆነ። መሮ በጎኑ አስደግፌ በመዶሻ ብመታው መሮው ተጠማዘዘ። ብየዳ የሚገኘው ደሴ ነው። ደሴ ደግሞ ያለ መኪና አይደረስም።

ሊቀመንበሩ የሹፌሩ ስም የተጻፈበት አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ማኅተሙ ተመቶበታል።

«ዘር በሚጓጓዝበት ቀን መኪና ማበላሸት ስሙ አሻጥር ነው» አሉ። «እስከ አስር ሰዓት ይህ መኪና ከግቢው ካልወጣ ደብዳቤው ደሴ ይሄዳል። ሹፌሩም አብሮ።»

«ወላሂ ብሎኑን ነክቼው አላውቅም» አሉ ሹፌሩ። ድምፃቸው ተሰበረ።

ከእኛ ግቢ ከደብዳቤ ጋር ደሴ የሄደ አንድ ሰው ነበር። ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ከረመች፤ አንድ ቀን ስንቁን መለሱላት። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላስረዳትም፤ እሷም ማንንም አልጠየቀችም።

«እኔ ነኝ ያጠበቅኩት» አልኩ። «ዘበኛውም አጥብቋል፣ መጋዘን ኃላፊውም አጥብቋል። እርስዎም ኮትዎን አውልቀው አጥብቀዋል። አራታችንንም ይጻፉን።»

«የአንተ ምላስ ከቁልፍህ ይረዝማል» አሉና ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱ።

ዘር ሊያስጭኑ ከመጡት ገበሬዎች አንዱ ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ሲያይ ቆየ። «እኛ እንኳ ወገል ሲያስቸግረን ባለ እጁ ዘንድ ነው የምንወስደው» አለ። ከአፉ እንደወጣ ዙሪያውን አየ።

ወገል ድግርና ማረሻን አጣብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። ባለ እጅ የምንለው ደግሞ ቀጥቃጩን ነው። በአርዲቦ መንገድ፣ ከሰው ቤት ራቅ ብሎ ይኖር ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም ማረሻውን ከእሱ ይገዛል፤ ደጁን ግን አይረግጥም። ዓይኑ ይበላል ይባላል።

«በመንግሥት መኪና ላይ ቡዳ ልታመጡ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሐሙስ ዕለት በጥናት ክበቡ ምን ነበር ያስተማሩን? በሙያው የሚናቅ ሰው የለም አላሉንም?»

መልሱን አልጠበቅኩም፤ መንገድ ጀመርኩ።

ባለ እጁ እሳቱ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። አንቱ ስለው ቀና ብሎ አየኝ፤ የለመደው አልመሰለኝም። ሁሉንም ነገርኩት።

«ሄጄ መኪናው ባይነሳስ?» አለ። «ቡዳው በላው ትላላችሁ። እስካሁን ጥፋተኛ አጥታችሁ ነበር፤ አሁን እኔን ልታገኙ ነው።»

«ብሎኑን የበላነው እኛ ነን። ሲነሳም ሳይነሳም ይህን ጮክ ብዬ እናገራለሁ።»

«አንተ ማን ነህና?»

«ማንም። ግን ድምፄ ትልቅ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ጉጠቱንና መዶሻውን ሰበሰበ። ወናፉን፣ ያን እሳት የሚያናፋበትን የፍየል ቆዳ፣ እኔ ተሸከምኩት። እንዳትነካው ብሎ ነበር፤ ሰው የባለ እጅ ዕቃ አይነካም። ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። ዕለቱ ገበያ ነበረና መሀል ለመሀል አለፍን።

«ኧረ አንተ ልጅ! ጣለው! ዘር አይወጣልህም!» አለች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ።

ቆም ብዬ መለስኩላት፦

ማረሻ ሲሠራ እጁን መርቃችሁ፣
ገበታ ሲቀርብ ፊቱን ሸሻችሁ።

ጥሩ ግጥም አልነበረም፤ ቸኩዬ ነበር። ግን ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሽንኩርት ሻጯም ፊቷን አዞረች።

ባለ እጁ መኪናው ሥር ተኝቶ ብሎኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከመሬት የሣር ሰበዝ አንስቶ ዙሪያውን ለካና በጥርሱ ቆረጠ። ሌላ መለኪያ አልያዘም። ግቢው ጥግ ላይ እሳት አነደደ። ከተሰበረ የመኪና ሞላ፣ ጭነቱን ከሚሸከመው ተለጣጭ ብረት፣ ቁራጭ ወስዶ ቀጠቀጠው፤ ከሰበዙ ጥቂት የጠበበ፣ ሁለት ጆሮ ያለው ቀለበት አወጣለት።

«ይኼ እኮ ወገል ነው» አለ ያ ገበሬ።

«ወገል ነው» አለ ባለ እጁ። «ቀዝቃዛውን ብሎን ትኩስ ወገል ይውጠዋል። ሲቀዘቅዝ አይለቀውም። አፈር አምጡ፤ እሳት እንዳይነሳ ዘይት የነካውን ሁሉ ጥረጉ።»

ሊቀመንበሩ ከሩቅ ሆነው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሹፌሩ ግድግዳ ተደግፈው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ናቸው። ቀለበቱ ቀልቶ ሲወጣ ባለ እጁ በጉጠት ይዞ በጀርባው ገባ፤ እኔም አብሬው። ብሎኑ ላይ አስገብቶ ሦስት ጊዜ መታው። ትኩሱ ብረት በተበሉት ማዕዘኖች ላይ ሲተኛ አየሁት። ጭስ ዓይናችንን አጠፋው። እርጥብ ጨርቅ ሲጭንበት ፉጨት ሰማሁ።

«አሁን አንተ» አለኝ።

«እርስዎ ይፍቱት።»

«እኔ ከፈታሁት ድግምት ነው ይላሉ። አንተ ፍታው።»

ቧንቧውን በጆሮዎቹ መሀል ሰክቼ ጎተትኩ። ምንም። እግሬን ጎማው ላይ አስደግፌ እንደገና ጎተትኩ። በጆሮዬ የሰማሁት ጩኸት ያን ዕለት ስናጠብቅ የሰማነው ነበር፣ ወደ ኋላ የሄደ። ከዚያ በጣት ዞረ። ነጣ ያለው ዘይት ክንዴን አጥቦ ባልዲው ውስጥ ገባ፤ ገበሬዎቹ እንደ ሰርግ እልል አሉ።

ቀለበቱን አላወለቅነውም። ብሎኑ አዲስ ራስ አግኝቷል። በእጅ ብቻ አጥብቄ መለስኩት፤ አዲሱን ዘይት ሞላን።

ዘበኛው ለባለ እጁ ውሃ አመጣ። እንደ ወጉ ጣሳው ከአፉ እንዳይነካ ከላይ መዳፉ ላይ ሊያፈስለት ቀረበ። ሹፌሩ ጣሳውን ከእጁ ወሰዱና ለባለ እጁ ሰጡት። ጠጣ። የተረፈውን ሳያለቀልቁ እሳቸው ጠጡ፤ ጢማቸውንም ጠረጉ።

ዘሩ ተጭኖ ሲያልቅ አስር ሰዓት አልሞላም። ሊቀመንበሩ ኮታቸውን ቆልፈው እንደ ልማዳቸው ወደ ጋቢና መጡ። ባለ እጁ ተቀምጦበታል፤ ወናፉም ጭኑ ላይ ነው።

«ጋቢናው ሞልቷል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ሹፌሩ። ያ ጠዋት የተሰበረው ድምፅ አልነበረም። «አስቀድሜ እሳቸውን ደጃቸው አደርሳለሁ። ከቸኮሉ ከላይ ገብሱ ላይ ይመቻል።»

ሊቀመንበሩ ጎማውን ረግጠው ከላይ ወጡ። ጆንያው ላይ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። የግቢውን በር እንዳለፍን ያን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«ሹፌሩ ተርፏል» አሉኝ። «ነገ በአንተ ስም አስጽፈዋለሁ።»

«ያስጽፉ» አልኩ። «ባለ እጁን ማን እንዳመጣውም ይጨመርበት። ከእኔ ሌላ ብሎኑን ያጠበቁትንም ሦስት ሰዎች እኔው በእጄ እጽፍልዎታለሁ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል።»

መኪናው ወደ አርዲቦ መንገድ ሲታጠፍ ሁለታችንም ጆንያውን ያዝን። ነፋሱ ወረቀቱን ያርገበግበው ነበር። እጥፍ አድርገው መልሰው ከተቱት፤ ከዚያ በኋላ ደግመው አላወጡትም።