በጦይባ ላይ የማልኩት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። ለችግረኛ ልጆች ስፌት የሚያስተምሩ መምህራን የስፌት መኪና ጥገና ሲሠለጥኑ እሷም ገብታለች። «እምዬ፣ አንቺን ማን ነበር ያስተማረሽ?» አለችኝ። ሼህ ሙሄ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የጦይባን ስም አለመጥራቴ ከነከነኝ።

ጣሊያን ደሴ በገባ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፤ ክረምቱ ወጥቶ የሸዋ በር ሰፈር ጭቃ ገና አልደረቀም። ሼህ ሙሄ እዚያ የታወቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጦርነቱ ባል ላሳጣቸው የኮምቦልቻ ሴቶች ነጋዴዎች ጥቂት የስፌት መኪና ገዝተው ሰጥተዋል፤ ሲበላሽ የሚያበጅ ግን አልነበረም። ስፌቱንም ጥገናውንም የምታስተምር አንዲት ሴት በደመወዝ ለመላክ ሼሁ እኔንና ጦይባን ያሠለጥኑን ጀመር።

ጦይባ ደሴ አክስቷ ዘንድ ያደገች የቢስቲማ ልጅ ነች። በልጅነቷ ታማ ጆሮዋ ደንቁሯል፤ አንደበቷም አልተፈታም። መኪና ሲበላሽ መዳፏን አሳርፋበት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከዚያ ጣቷ ቀጥ ብሎ ወደ ጥፋቱ ይሄዳል። ሳምንት ሙሉ ያልገባኝን፣ እጄን ከእጇ ሥር አድርጋ በአንድ ከሰዓት አስረዳችኝ። የማሽላ ቂጣዋን ስትቆርስም ትልቁ የኔ ነበር።

ኅዳር ላይ ሼህ ሙሄ ለብቻዬ ጠሩኝ። የጦይባ እጅ ከኔ እንደሚበልጥ፣ መናገር አለመቻሏ ግን እንዳሳሰባቸው ነገሩኝ።

«አብረሻት የዋልሽው አንቺ ነሽ። ሰው ማስተማር ትችላለች?»

ቤት ውስጥ የታመመች እናትና ሦስት ታናናሾች ነበሩኝ።

«ወላሂ፣ አትችልም» አልኩ።

እኔ መመረጤን በምልክት ሲነግሯት ጦይባ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። ዘይት የነካውን እጄንም በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

በማግስቱ በጭነት መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሴቶቹንም እጃቸውን ከእጄ ሥር እያደረግሁ በሷ መንገድ አስተማርኳቸው። በልግ ሲገባ አላስችል ስላለኝ እውነቱን ልነግራት ደሴ ወጣሁ። አክስቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሥራ ስላጣች ቢስቲማ አጎቷ ዘንድ መላካቸውን ነገሩኝ፤ ለማሽላ አጨዳ ቆላ ስትወርድ ወባ ያዛት፤ ሳምንትም አልቆየች።

«ስትሄድ ወደኔ ዞራ ጉንጯን ነካች» አሉኝ። «አንቺን ማለቷ ነው። ሰላም በይልኝ ማለቷ መሰለኝ።»

ጉንጬ ላይ ጥቁር ነጥብ አለኝ፤ ስሜን የምትጠራው በዚያ ነበር። ለአክስቷ ምንም ሳልነግራቸው ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አስተምሬአለሁ፤ ምርቃቱም ብዙ ነው። የሐሰት መሐላዬን አላህ እንዲምረኝ በየሶላቴ እለምናለሁ፤ እዝነቱ ሰፊ ነው። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለ አይታለፍም ይላሉ። ጦይባ ደግሞ አውፍ የምትለው ነገር መኖሩን እንኳ ሳታውቅ ሄደች።