የኋላ ማርሽ ፍለጋ፦ ከአየር ጤና ኮልፌ፣ ደርሶ መልስ

ንጋት፣ አየር ጤና

ሌላው ሰው የጉዞ ማስታወሻ ሲጽፍ ተራራ ይወጣል፣ ሐይቅ ይሻገራል። የእኔ ጉዞ ከአየር ጤና ተነሥቶ በዘነበወርቅና በጦር ኃይሎች አድርጎ ኮልፌ ላይ ያበቃል። ሰፈሩን የሚያውቅ አንባቢ ይህ ደግሞ ምኑ ጉዞ ነው ማለቱ አይቀርም። የኋላ ማርሽ በሌላት መኪና የሄደ ሰው ካለ ግን እሱ ይፍረደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ ያገለገለች፣ ብርማ ቀለም ያላት አውቶማቲክ መኪና ገዛን። ሻጩ ለሞተሩና ለካምቢዮው የስድስት ወር ዋስትና ሰጠን። መጀመሪያ እንደ ሙሽራ ጭምት ነበረች፤ ኋላ አመሏን አወጣች። ስትቀዘቅዝ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ትሄዳለች። ከሞቀች ግን የኋላ ማርሽ የሚባል ነገር አታውቅም። ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ንቅንቅ አትልም። ግቢያችን ደግሞ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ስለሆነ መኪና የሚገባው በኋላው ብቻ ነው። በየማታው ከሥራ ስመለስ የቅያሱ ሰው ወጥቶ እየገፋ ያስገባኛል።

ዋስትናው ዛሬ ያበቃል። ውሉ የሚለው ብልሽቱ በጋራዡ መካኒክ ዓይን ፊት መታየት አለበት ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወስጃታለሁ። ሁለቴም መካኒኩ ፊት እንደ ጨዋ ልጅ ወደ ኋላ ሄዳ አዋርዳኛለች።

የጉዞ ጓዴ የባለቤቴ እናት እማማ ደስታ ናቸው። ትውልዳቸው ቦንጋ ነው፤ ኮልፌ ኮረሪማና ጥምዝ እየሸጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ታላቅ እህታቸው አሁንም ቦንጋ ናቸው። እግራቸው ከቤት ማውጣቱን ትቷል፤ በየጊዜው እየደወሉ መቼ ነው የምትመጪው ይላሉ። የሁለቱ ወሬ በከፍኛ ነው። የእማማ መልስ ብቻ ሁልጊዜ በአማርኛ ትመጣለች፦ "ጌታ ሲፈቅድ።" የእማማ ወገብ አውቶቡስ አይችልም። ስለዚህ መኪናዋን ስንገዛ የመጀመሪያው ረጅም መንገዷ ቦንጋ ነው ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ካምቢዮውን ከኪሳችን የምናስለውጥ ከሆነ ግን ዘንድሮ ቦንጋ የለም። የከርሞውን ደግሞ፣ በእነዚያ ደካማ እግሮች፣ ማን ያውቃል።

ይዣቸው የወጣሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። እማማ ይጸልያሉ። ባለፉት ሁለት ጊዜያት ጠዋት ወጥተው ዳሽቦርዷ ላይ እጃቸውን ጭነው "ጌታ ሆይ፣ ፈውሳት" ብለዋል። እሷም ጋራዡ ስትደርስ ትፈወሳለች፣ ማታ ቤት ስትደርስ ይነሣባታል። ቤት ትቻቸው ብሄድ እንደሚጸልዩ ስለማውቅ ከዓይኔ እንዳይርቁ ብዬ አስነሣኋቸው።

"እማማ፣ ዛሬ ለመኪናዋ እንዳይጸልዩ።"

"እንዴት ለታመመ አትጸልዪ ትይኛለሽ፣ ሰላሜ?"

"መካኒኩ ካያት በኋላ እንደልብዎ።"

ቅር እያላቸው እሺ አሉ።

ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ጋሽ በላይ ቆርቆሮውን እያነሡ ነበር። "ማታ በስንት ሰዓት ነው የምትመጡት? ሰው እንዳዘጋጅ" አሉኝ። ዛሬ ምናልባት አያስፈልግም አልኳቸው። "ባለፈውም እንዲሁ ብለሽ ነበር" ብለው ሳቁብኝ።

ረፋድ፣ ዘነበወርቅ

ዕቅዴ መኪናዋን በደንብ አሙቆ ማድረስ ነው። ለዚህ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጨናነቅ የተሻለ ምድጃ የለም። ሌላ ቀን የምራገመውን ሰልፍ ዛሬ እንደ ዘመድ ልቀበለው ወጣሁ።

ሰልፉ የለም። ከአየር ጤና ዘነበወርቅ ድረስ መንገዱ ተጠርጎ የተሰጠን ይመስላል። በሆስፒታሉ በኩል ፔርሙዝና የምሳ ዕቃ የያዙ ጠያቂዎች ይሻገራሉ፤ ባዶ ታክሲ ላይ የተንጠለጠለ ወያላ "ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች" እያለ ለአስፋልቱ ይጣራል። ዳር ላይ ትኩስ ቦንቦሊኖ የምትሸጥ ሴት አለች። አንዱ ሃያ ብር። ሞተሩን ሳላጠፋ በመስኮት አምስት ገዛሁ።

"ሰው ሁሉ የት ገባ?" አልኩ።

"መንገዱ ተቃናልን" አሉ እማማ፣ ስኳሩን ከከንፈራቸው እየጠረጉ። ደስታቸው አላማረኝም።

"እማማ፣ ምን አድርገዋል?"

"ለመኪናዋ አልጸለይኩም። ለመንገዱ ነው የጸለይኩት። ለመንገዱ አትጸልዪ አላልሽኝም።"

ስቄ ልሙት ወይስ ላልቅስ? እሳቸው እንደሆኑ አንድም ውሸት አልተናገሩም። ሁለተኛውን ቦንቦሊኖ አነሡ።

ጦር ኃይሎች

አንድ ነዳጅ ማደያ አጠገብ፣ ሜዳ ቦታ ፈልጌ ሞከርኳት። ወደ ኋላ ሄደች። እንዲያውም ሰተት ብላ ነው የሄደችው። እንግዲህ ሌላ መላ የለም፤ ወደ ቀለበት መንገዱ ተመልሼ ዞርኩ። አሁንም ዞርኩ። በሦስተኛው ዙር አንድ የታክሲ ሹፌር ፍሬን ይዞ አንገቱን አወጣ።

"እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?"

"የኋላ ማርሽ" አልኩት።

"ወደ ፊት እየሄድሽ የኋላ ማርሽ ምን ያደርግልሻል?" ብሎኝ ሄደ።

በመጨረሻ አንድ አጠና የጫነ መኪና ዳገቱ ላይ ተገተረና መንገዱን ዘጋልን። ክላክሱ፣ ጭሱ፣ ስድቡ ሁሉ መጣ። እኔ መስኮቴን ከፍቼ ሽርሽር እንደወጣ ሰው ተቀመጥኩ። ከዚያ ስንወጣ ነዳጅ ማደያው ጋ ተመልሼ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ሞተሩ ጮኸ፣ እሷ ቆመች።

"ጠፋ" አልኳቸው።

"እሰይ" አሉ እማማ። ወዲያው ደግሞ በታመመ ነገር እሰይ በማለታቸው አፋቸውን ያዙ።

ቀትር፣ ኮልፌ

ጋራዡ በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። ከፊታችን ሦስት መኪና አለ። ሞተር አስነሥቶ ወረፋ መጠበቅ ደግሞ ክልክል ነው። ለመንኩት። "እህቴ፣ ግቢው በጭስ እያለቀ ነው" አለኝ። አጠፋሁ። ኮፈኗ ላይ እጄን አድርጌ ሙቀቷ ቀስ በቀስ ሲለቅ ይሰማኛል፤ ኮት ቢኖረኝ አለብሳት ነበር።

መካኒኩ ሽኩር ይባላል፤ አርባ ገደማ የሆነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሶላት ላይ ነበር። ሰግዶ ሲመለስ እጅጌው እንደተሰበሰበ፣ እጁም ከውዱው ገና እርጥብ ነው። እኛን ሲያይ ፈገግ አለ።

"ዛሬ ለሷ ዱዓ አድርጌያለሁ" አለ።

ደነገጥኩ። "ምን ብለህ?"

"እነዚህን ሰዎች ለሦስተኛ ጊዜ በከንቱ አትመልሳቸው ብዬ።"

ተራችን ደርሶ ገባና አስነሣት። የኋላ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ በእርጋታ፣ ያለ አንዳች ማንገራገር ወደ ኋላ ሄዳ ግድግዳው አጠገብ ቆመች። እንባዬ መጣ። ለመኪናዋ አይደለም፤ እማማ ከኋላ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ አየኋቸውና ቦንጋ ትዝ አለኝ።

"እህቴ፣ እንደምትዋሺ አላስብም" አለኝ ሽኩር። "ያላየሁትን አየሁ ብዬ ግን አልፈርምም። አላህ ያየኛል።"

እውነቱን ነው። መኪናዋን ላስነሣ ስል እማማ ከመኪናዋ ወረዱ።

"ልጄ፣ ውሉ ምን ይላል?" አሉት ሽኩርን።

"በመካኒኩ ዓይን ፊት መታየት አለበት ይላል፣ እማማ።"

"ጋራዥ ውስጥ ይላል?"

ሽኩር አሰበ። "እሱን አይልም።"

"እኔ በሽተኛ ጥየቃ ስሄድ ቤቱ ነው የማየው። ሐኪም ፊት ሲቀርብማ ሁሉም ደህና ነኝ ይላል። ታዲያ አንተም ዓይንህን ይዘህ ናና እኛ ቤት እያት።"

ሁለት ጊዜ ተመላልሼ፣ ውሉን ደጋግሜ አንብቤ፣ ይህ አልታየኝም ነበር። ሽኩር አንገቱን እያከከ ወደ ቢሮው ሄደ፤ አለቃውን አናግሮ ሲመለስ በእጁ ፎጣ ይዟል። "ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት ለአለቃዬ መደወል አለብኝ። እንሂድ" አለ።

ከሰዓት፣ የመልስ መንገድ

አሁን መጨናነቁ ከነቤተሰቡ መጥቷል። ከኮልፌ ጦር ኃይሎች ድረስ በእግር የሚሄደው ይቀድመናል። ሽኩር ከጎኔ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ ካምቢዮው ጥሏል፤ እማማ ከኋላ ሆነው የቀረውን ቦንቦሊኖ አቀበሉት። አገሩን ጠየቁት፤ ስልጤ ነኝ አለ።

"እናትህን መቼ ነው ያየሃት?"

"ለአረፋ ሄጄ ነበር።"

"ጎሽ። እኔ እህቴን ያየሁት ልጄ ገና ሳያገባ ነው" አሉና ወደ እኔ ጠቆሙ። "ዛሬም ደህና ነኝ ብላ ካላበላሸችብኝ በዚች መኪና ልሄድ ነው።"

"እማማ፣ እባክዎ እንዲህ አይበሉኝ" አለ ሽኩር። "ይኸው አሁን እኔም እንድትበላሽ መለመን ጀመርኩ።"

አየር ጤና፣ ቅያሳችን

ቢሮው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ቅያሳችን አፍ ላይ ደረስን። ክላክስ እንኳ አልነካሁም። ጋሽ በላይ ከሱቃቸው ወጡ። ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ ወጣ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛው ፎጣ እንዳጠለቀ ተከተለው። ዳቦ የምትሸጠዋ ጎረቤታችን ክንብንቧን አጥብቃ መጣች። ማንም ምን ሆናችሁ ብሎ አልጠየቀም። እያንዳንዱ የለመደውን ቦታ ያዘ፣ ኮፈኑ ላይ እጁን ጫነ፣ የጋሽ በላይን ድምፅ ይጠባበቃል።

ሽኩር ወርዶ አያቸው። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ከእሑድ በቀር" አሉ ጋሽ በላይ። "እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ነው የሚሄዱት።"

"ቆዩ፣ መጀመሪያ ልሞክራት" ብሎ መሪው ላይ ተቀመጠ። የኋላ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። አጥፍቶ አስነሣት፣ ደገመ። አሁንም ያው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ በብልሽት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"አንተ ልጅ፣ አትድከም" አሉት ጋሽ በላይ። "ዜሮ ማርሽ አድርገህ መሪውን ያዝ፤ ቀሪው የኛ ነው።"

ሽኩር ግን መሪውን ለእኔ ሰጠኝና እጅጌውን ሰብስቦ ከፀጉር አስተካካዩ አጠገብ ገባ። ጋሽ በላይ "በሉ" አሉ። መኪናዋ በአምስት ሰው እጅ ወደ ኋላ ተንሸራታ ግቢ ገባች። ከዚያ ሽኩር እያለከለከ ስልኩን አወጣ።

"አለቃ፣ ካምቢዮው ይወርዳል። አዎ፣ በዋስትናው። እንዴ፣ በዓይኔ ማየት ብቻ? በእጄ ገፍቻታለሁ።"

የቅያሱ ሰው ሳቀ፤ ደንበኛውም ግማሽ ራሱን ይዞ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እማማ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

"አሁንስ ልጸልይ?"

"አሁን ይጸልዩ።"

ወደ መኪናዋ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የሽኩርን ዘይት የጠገቡ እጆች ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ጌታ ሆይ፣ እነዚህን እጆች ባርክ" አሉ። ሽኩር አንገቱን ደፍቶ "አሚን" አለ።

ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳሉ ስልካቸው ጠራ። እህታቸው ነበሩ። በከፍኛ ብዙ ተነጋገሩ፤ አልገባኝም። ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ የተለመደው ጥያቄ ሲመጣ ከድምፁ አወቅኩት። እማማ መልሱን ዛሬም በአማርኛ ሰጡ።

"ፈቅዷል" አሏቸው።