ለመላው አዳራሽ አንድ ማብሪያ

ያን ሰውዬ ዛሬም ይቅር አላልኩትም። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ሞቶም ከሆነ ንዴቴ አብሮት አልተቀበረም። ግድግዳ ላይ ያለ ማብሪያ ቀጭ ባደረግሁ ቁጥር ካኪ ልብሱና ቀጭን ድምፁ ትዝ ይሉኛል፤ ደሜም ይፈላል።

በደርግ ዘመን ጅማ ላይ አዲስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ የመብራቱን ሥራ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በሕዝብ ጉልበት ነው የሚሠራው ይባል ነበር፤ እውነትም ነው። የቦሳ አዲስ ሰፈር ሴቶች ድንጋይ ተሸክመዋል፤ የሰርቦ ገበሬዎች ጣውላ በትከሻቸው አምጥተዋል። ሽቦ የጫነው መኪና ሰኮሩ ከተማ ላይ ተበላሽቶ ሲቆም ሄጄ፣ በሌላ የጭነት መኪና ጥቅሉ ላይ ተቀምጬ፣ አቧራ እየቃምኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያኔ ምንም አልከፋኝም።

ያልከፋኝ በእህቴ ምክንያት ነው። ታላቄ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ቀን ቀን ቡና መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ትለቅማለች፤ ማታ ማታ ታጠናለች። የማታ ትምህርቷን ጨርሳ ማትሪክ ተፈትና ወድቃ ነበር፤ እንደገና ልትፈተን ተመዝግባለች። ካለፈች ከመጋዘኑ ትወጣለች። ካላለፈች እዚያው ብናኝ ውስጥ ታረጃለች፤ ሌላ መውጫ አልነበራትም።

የምታነብበት ብርሃን ግን የለም። የተከራየናት ክፍል መብራት አልገባላትም። የሰው ቤት መብራት እየዘረጋሁ የራሴ ቤት ውስጥ ኩራዝ የሚጤስብኝ ሰው ነበርኩ፤ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። ላምባውም ቢሆን ከቀበሌ በራሽን ነው፣ ሲገኝ። ቀን የቡናው ብናኝ፣ ማታ የኩራዙ ጭስ ዓይኗን በርበሬ አስመስለውት ነበር።

"እትዬ፣" አልኳት አንድ ቀን፣ "ቤተ መጻሕፍቱ ሲያልቅ የራስሽ መብራት ይኖርሻል። ከጠረጴዛሽ ላይ ገመዷን ሳብ ስታደርጊ ይበራል፤ ደግመሽ ስትስቢ ይጠፋል።"

"ማንንም ሳላስፈቅድ?"

"ማንንም ሳታስፈቅጂ።"

አየችኝና ፈገግ አለች።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። በየጠረጴዛው መሐል ዝቅ ያለች መብራት ትተከላለች፤ ለእያንዳንዷ የምትሳብ ገመድ አለቻት። ሊያነብ የመጣ የራሱን ያበራል፣ ሲሄድ ያጠፋል። ጠረጴዛዎቹን የሠሩት ጅማ ተወልደው ያረጁ አናጢ ነበሩ። የሽቦውን ቀዳዳ እንዲበሱልኝ ስለምናቸው መሰርሰሪያውን ይዘው ቆም አሉ።

"ወላሂ፣ የጨረስኩትን ጠረጴዛ መልሼ ስበሳ የመጀመሪያዬ ነው።"

"ለብርሃን ነው፣ አባባ።"

"እሺ ልጄ፣ ለብርሃን ከሆነ ይበሳ።"

ሠርተን ጨረስን። ሁሉንም እየዞርኩ ሳብኩ፣ ሁሉም በሩ። አናጢው አንዷ ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ከመብራቷ ሥር ዘርግተው ያዩ ነበር። ያ ሰውዬ የገባው ይኼኔ ነው።

የግንባታው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ሽጉጡን ታጥቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በጠረጴዛዎቹ መሐል ተንጎራደደ። አንዷን ገመድ በሁለት ጣቱ ያዛት።

"ይኼ ምንድነው?"

"ማብሪያ ነው፣ ጓድ። የሚያነበው ሰው ራሱ ያበራዋል።"

"ሁሉም ለየራሱ?"

"አዎ ጓድ። መብራትም ይቆጥባል።"

"በጋራ ቤት ውስጥ የግል መብራት? አንዱ ሲያበራ ሌላው ሊያጠፋ? ይኼ የለየለት የንዑስ ከበርቴ አስተሳሰብ ነው። እዚህ አብረን እናበራለን፣ አብረን እናጠፋለን።"

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። መብራቱ በሙሉ ጣሪያ ላይ እንዲወጣ፣ ማብሪያውም አንድ ብቻ እንዲሆን፣ እሱም በር ላይ ባለው የዘበኛው ክፍል ውስጥ ቁልፍ ባለው ሳጥን እንዲቀመጥ አዘዘ።

"ጓድ፣ ጣሪያው በጣም ሩቅ ነው" አልኩት። "ብርሃኑ ከጠረጴዛው ሳይደርስ ያልቃል። እዚህ እኮ ፊደል ነው የሚነበበው።"

"አንተ ማነህ? ይኼን ሐሳብ ማን ሰጠህ?"

በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ መልስ ተፈልጎ የሚጠየቅ አልነበረም። እንዲህ ተጠይቀው ከሥራ ቦታቸው የተወሰዱ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ካቻቢቴዬን አንስቼ በገዛ እጄ የሰቀልኳቸውን መብራቶች በገዛ እጄ ፈታሁ። አናጢው ቀዳዳዎቹን በእንጨት ውታፍ ይደፍናሉ።

"ማል ጎና፣ ልጄ" አሉኝ ቀና ሳይሉ። ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ያን ሰውዬ ምን እንደማደርገው በሆዴ ስንት ነገር አስቤ ነበር።

ከጠረጴዛዎቹ የወረዱት አምፖሎች የት እንደሄዱ ልንገራችሁ። ከበሩ በላይ በተሰቀለው ትልቅ ኮከብ ዙሪያ ተደረደሩ። በምርቃቱ ቀን ጨለምለም ሲል ኮከቡ በራ፣ ተጨበጨበ፣ ሕዝባችን ከጨለማ ወጣ ተብሎ ንግግር ተደረገ። የእህቴ መብራት መንገዱን እያበራች አህያ ታሳልፋለች። እህቴ ከሕዝቡ መሐል ደብተሯን አቅፋ ቆማ ታጨበጭባለች።

በማግስቱ ከመጋዘን ስትወጣ ቀጥታ ወደዚያው ሄደች። አዳራሹ ጨለማ ነው። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም፣ የታዘዘውን ፈጻሚ ነበር።

"ስንት ናችሁ?" አላት።

"እኔ ነኝ።"

"ለአንቺ ብቻ የመላው አዳራሽ መብራት ይብራ? የሕዝብ ሀብት አባካኝ ልታስብዪኝ ነው? ሰው ሲሞላ አበራለሁ።"

ይህን ስትነግረኝ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ለብቻ ማብራት ወንጀል ነው ብለው ማብሪያውን አንድ አደረጉት፤ ማብሪያው አንድ ስለሆነ ደግሞ ብቻዋን የመጣች ሰው መብራት ተከለከለች። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ሊያስተምረን የተነሳው።

እህቴ ግን እንደ እኔ ቡጢ የምትሰነዝር አይደለችም። በሚቀጥለው ቀን የመጋዘኑን ለቃሚዎች አስከትላ መጣች። ሥራ ፍለጋ ከደቡብ የመጡ ጴንጤዎች አሉ፣ የጅማ ሙስሊሞች አሉ፤ አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም። ነጠላና ሻሻቸው ላይ የቡና ገለባ እንዳለ ገብተው ወንበሩን ሞሉት። አንዷ መጽሐፍ ገልብጣ ይዛ በዝማሬ ታንጎራጉራለች፤ ሌላዋ በተከፈተ መጽሐፍ ላይ ተደፍታ ትተኛለች። ዘበኛው ሳቁን ዋጥ አድርጎ አበራ። እህቴ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ከአምፖሉ ትይዩ ቆማ፣ መጽሐፏን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው የዋሉ ሴቶች ለእሷ ብለው እንደዚያ ሲቀመጡ በመስኮት አይቼ እንባዬ መጣ።

ጥቂት ማታዎች እንዲህ አለፉ። ከዚያ ያ ሰውዬ በዚያ በኩል ሲያልፍ ሙሉ አዳራሽ አየ። ገባ። ፊቱ በደስታ ፈካ።

"ይኼ ሁሉ ላብ አደር በየማታው ሲሰበሰብ እኛ አናውቅም?" አለ። "ከነገ ጀምሮ እዚህ የውይይት ክበብ ይኖራል። የሚቀር እንዳይኖር።"

እህቴ መጽሐፏን እንደያዘች፣ "ጓድ፣ እኛ የመጣነው ለማንበብ ነው" አለችው።

"ውይይቱም ትምህርት ነው። ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ መብራቱ በየማታው በጊዜው በራ፣ ወንበሩም በየማታው ሞላ። መጽሐፍ መግለጥ ስብሰባ መናቅ ነው ተባለ። እህቴ እኔ በዘረጋሁት መብራት ሥር፣ የተዘጋ መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፈተናው እስኪደርስ ድረስ ስለ ብርሃን ንግግር ሰማች። ቤት ስትገባ ኩራዟን ትለኩሳለች።

"ዓይንሽን ተይ፣ እትዬ" ስላት፣

"ይቺን የማበራትም የማጠፋትም እኔ ነኝ" ትለኛለች።

ፈተናውን አላለፈችም። ወደ መጋዘኑ ተመለሰችና ለዓመታት ለቀመች። ኋላ ዓይኗ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው መለየት ሲያቅተው አሰናበቷት።

አሁን ከእኔ ጋር ናት። ከአልጋዋ ራስጌ መብራት ሰቅዬ ገመድ አስሬላታለሁ። ማታ ማታ በእጇ እየዳበሰች ታገኛትና ሳብ ታደርጋታለች። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ "በራ?" ብላ ትጠይቀኛለች።